ከሶፍትዌሩ በፊት ፀሐይዋን አስተካክዪ

ጥያቄ፦ ሰላም። ባሕር ዳር የአርክቴክቸር 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመሣያና የ3ዲ ሞዴል ሶፍትዌሮቹን ኦቶካድንና ስኬችአፕን በደንብ እሠራለሁ፤ ሬንደር፣ ማለትም ሞዴሉን ፎቶ የሚመስል ሥዕል ማድረጉን፣ ግን ገና አልነካሁም። አንዱ ሉሚዮን ልመጂ ይለኛል። አንዱ ቪ-ሬይ ካላወቅሽ ሥራ አታገኚም ይላል። ሌላው ደግሞ ብሌንደር በነፃ አለልሽ ይለኛል። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። አጎቴ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሊያሠራ ስለሆነ «3ዲውን አሳዪኝ» እያለኝ ነው። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። ሞዴሉን በለመድሽው ስኬችአፕ ሥሪ። ሬንደሩን በብሌንደር ጀምሪ፤ ሳይክልስ በሚባለው ሞተሩ። ሉሚዮንን፣ ትዊንሞሽንን፣ ዲ5ን እና ኢንስኬፕን ለጊዜው ተያቸው። መጥፎ ሆነው አይደለም። አሁን የያዝሽው ላፕቶፕ አይችላቸውም።

የሬንደር ሶፍትዌሮች በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። ለጊዜው ተያቸው ያልኩሽ አራቱ እንደ ቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ናቸው። ካሜራውን ስታንቀሳቅሺ ሥዕሉ እዚያው በዚያው ይከተልሻል። ሥራውን ሁሉ የሚሸከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርድ ከሌለ ወይ አይከፈቱም፣ ወይ ተከፍተው መሃል ላይ ይዘጋሉ። ሁለተኛው ወገን ውስጥ ቪ-ሬይ፣ ኮሮናና የብሌንደሩ ሳይክልስ አሉ። እነዚህ የብርሃንን ጉዞ እያሰሉ ነው የሚሄዱት። ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ወለሉን ሲመታ፣ ከወለሉ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወደ ጣሪያ ሲነጥር ይከተሉታል። ቀርፋፋ ናቸው፤ ግን በፕሮሰሰር ብቻ መሥራት ይችላሉ። አንቺ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሥዕል ምሳ በልተሽ እስክትመለሺ ሊቆይ ይችላል። ቢሆንም ያልቃል።

ቪ-ሬይ ካላወቅሽ ሥራ አታገኚም ያለሽ ሰው ዝም ብሎ አልተናገረም። የቡልጋሪያው ኬዎስ የሚያወጣው ይህ ሶፍትዌር ለዓመታት የአርክቴክቸር ቢሮዎች ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ኮሮናና ኢንስኬፕም ዛሬ እዚያው ኬዎስ ሥር ናቸው። ግን ቪ-ሬይ ውስጥ የምታገኚያቸው ነገሮች ፀሐይ፣ ሰማይ፣ ካሜራ፣ ኤክስፖዠር (ሥዕሉ ምን ያህል ይብራ የሚለው)፣ የማቴሪያል ልስላሴና ሻካራነት ናቸው። ሳይክልስም ውስጥ ያሉት እነሱው ናቸው። አንዱን በደንብ ያወቀ ሰው ሁለተኛውን የሚለምደው በሳምንታት ነው። አንዱንም ሳያውቅ አምስቱን የጫነ ሰው ግን ዓመት ሙሉ ከቁልፍ ቁልፍ ሲዞር ይከርማል።

ብሌንደር ነፃ ነው ሲባል የሙከራ ጊዜ አለው ማለት አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን አድርገዋል። ከዚያ ወዲህ የማንም ተማሪ፣ የማንም ቢሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ይህን አልደብቅሽም። አቋራጭ ቁልፎቹ ከስኬችአፕ ጋር ምንም አይገናኙም። ለዚህ ነው ሞዴሉን እዚያ አትሥሪ የምልሽ። ከስኬችአፕ ኤፍቢኤክስ ወይም ኦቢጄ በሚባል የፋይል ዓይነት አውጥተሽ ብሌንደር ውስጥ አስገቢው። ስታስገቢው መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር አንድ በር መለካት ነው። በሩ 2.10 ሜትር ካልሆነ መጠኑ ተበላሽቷል፤ ወደ ሌላ ነገር ሳትሄጂ አስተካክዪው።

ስለ ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይከፈል ስለሚሠራ ሶፍትዌር፣ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በዶላር የሚከፈልበት ካርድ እንደልብ በማይገኝበት አገር ብዙ ልጆች በፍላሽ የመጣ ክራክ ይጭናሉ። ችግራቸው ይገባኛል። ግን ክራክ ይዞ የሚመጣው ቫይረስ የሴሚስተር ሥራ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ደግሞም አያስፈልግሽም። ብሌንደር ነፃ ነው። ትዊንሞሽን ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ሁሉ ነፃ ነው። ዲ5 ነፃ ስሪት አለው። አውቶዴስክ ለተማሪዎች ፈቃዱን ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ኮምፒውተር የመግዛት ዕድል ሲመጣ ደግሞ ዴስክቶፕ ግዢ። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርድ ይኑረው። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ቢያንስ 8 ጊጋ፣ ከተቻለ 12 ጊጋ ይሁን። ራሙ 32። ሱቅ ገብተሽ «ግራፊክሱ 8 ጊጋ ነው» ሲሉሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺና ጂፒዩ የሚለውን ተጫኚ። ማየት ያለብሽ «ዴዲኬትድ» የሚለውን ቁጥር ነው። «ሼርድ» የሚለው ከራሙ ላይ የሚበደረው ነው፤ ለሬንደር አይቆጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የጀማሪ ሬንደር ከሩቅ የሚታወቀው በሶፍትዌሩ አይደለም፤ በብርሃኑ ነው። ቤቱ ባሕር ዳር ይሠራል፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ፀሐይ ግን የሌላ አገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም። አጎትሽም በቃል ላያስረዳው ይችላል፤ ግን «ጥሩ ነው፣ የእኛ ቤት አልመስል አለኝ እንጂ» ይልሻል።

እንዴት እንደሚሆን ላሳይሽ። ስኬችአፕ ቦታ ካልነገርሽው ጥላውን የሚያሰላው በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ባለችው በቦልደር ከተማ ነው። ቦልደር በ40 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ባሕር ዳር ግን 11.6 ዲግሪ ላይ ናት። አሁን የአጎትሽ ቤት ደቡብ የሚያይ ግድግዳ አለው፣ ጣሪያውም ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል እንበል። ታኅሣሥ 12 ቀን፣ ማለትም ዲሴምበር 21፣ እኩለ ቀን ላይ ባሕር ዳር ፀሐይዋ ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትቆማለች። 60ን በ55 ታንጀንት ስታባዢው 86 ገደማ ይመጣል። የጣሪያው ጥላ ግድግዳው ላይ 86 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ያርፋል ማለት ነው። ቦልደር ላይ በዚያው ቀን ፀሐይዋ 26 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። እዚያ ጥላው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የመስኮቱ አናት ከጣሪያው 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ልዩነቱን አስቢው። በቦልደር ፀሐይ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ብርሃን ላይ ነው፤ ሳሎኑም በፀሐይ ይጥለቀለቃል። በባሕር ዳር ፀሐይ ግን የመስኮቱ የላይኛው 46 ሳንቲ ሜትር ጥላ ውስጥ ነው። አጎትሽ የመስኮቱን መጠን የሚወስነው ያንን ሥዕል አይቶ ነው። የተሳሳተ ጥላ ስለዚህ ከውበት ጉዳይ ያለፈ ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።

ሌላም አለ። እኛ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል አትሄድም። ባሕር ዳር ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡት ትምህርቶች «ሰሜን ግድግዳ ፀሐይ አያገኝም» ብለው ነው የሚነሱት። ለእነሱ ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ለእኛ አይደለም። የአጎትሽ ቤት ፊቱ ወደ ሰሜን ከሆነና ፀሐይ የመታው አድርገሽ ልታሳዪው ከፈለግሽ ቀኑን ግንቦት ላይ አድርጊው። ክረምቱ ገና አልገባም፣ ፀሐይዋም በሰሜን በኩል ናት። ጠዋት ከሰሜን ምሥራቅ ስለምትወጣ ብርሃኗ ግድግዳውን በጎን እየዳበሰ ያልፋል፤ እያንዳንዱ መስኮትና በረንዳ ጥላ ያወጣል። ያንኑ ግድግዳ ታኅሣሥ ላይ ብታስቀምጪው ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ ከሆነ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ብርሃን በሌላ ጊዜ የማይገኝ ነው። ሰማዩ የጠራ፣ ፀሐይዋም ዘንበል ያለች ናት።

ይህን ሁሉ ሶፍትዌሩ ራሱ ያሰላልሻል፤ አንቺ ግን በትክክል ንገሪው። ለብሌንደር ሰን ፖዚሽን የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ አለ፤ በአዲሶቹ ስሪቶች ከኤክስቴንሽን ክፍሉ በነፃ ይወርዳል። ሰሜን 11.6፣ ምሥራቅ 37.4፣ የሰዓት ቀጠናውን ፕላስ 3 አድርጊ። ቀኑ በፈረንጆቹ ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እዚያ 8፡30 ነው፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ደግሞ 16፡00 ነው። ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ተኩል ገደማ መሆኑንም ያዢ። ከዚያ ሰሜኑን አስተካክዪ። ብዙ ተማሪ የሚሠራውን ቤት ከስክሪኑ ጋር ትይዩ አድርጎ ይሥላል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ወደ ላይ ያለውን ሰሜን ብሎ ይወስደዋል። ቦታው ላይ ሄደሽ በስልክሽ ኮምፓስ ለኪ። አጥሩ ከሰሜን ስንት ዲግሪ ዞሯል? ያንን ቁጥር አስገቢ።

ለውጭ ሥዕል የምመርጠው ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ወይም ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ ሁሉ ከሥር ይሰበሰባል፤ ቤቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ምሽት ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ መብራት የበራበት ሥዕል ብዙ ሰው ይወዳል። እኛ ጋ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ በአምስትና በአሥር ደቂቃ እያራመድሽ ሞክሪው። አምፖሎቹን 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አድርጊያቸው፤ ቢጫ ይሆናሉ።

የአጎትሽን ቤት ከመንካትሽ በፊት ግን አንድ ልምምድ አለኝ። የራስሽን ክፍል ውሰጂ። በሜትር ለኪው፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ፣ መስኮቱ ከወለል ስንት እንደሚርቅ። በስኬችአፕ ባዶ ሣጥን አድርገሽ ሥሪው። አልጋም መጋረጃም አታስገቢ። ሁሉንም ነገር አንድ ነጭ ማቴሪያል ስጪው። ከዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ቀን 6 ተኩልና 11 ሰዓት ላይ ክፍሉን ከአንድ ቦታ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። አሁን ብሌንደር ውስጥ ያንኑ ቀንና ያንኑ ሰዓት አስገብተሽ ሬንደር አድርጊ። ወለሉ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ አራት ማዕዘን ፎቶው ላይ ካለው ጋር አንድ ቦታ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ሰሜኑ ወይም ሰዓቱ ተሳስቷል። ሲገጥም ደግሞ ፎቶው ላይ ሌላውን እዪ። ጥግ ላይ ያለው ጨለማ ምን ያህል ነው? ጣሪያው ለምን የወለሉን ቀለም ይይዛል? ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ግድግዳ ለምን ከሩቁ ይበልጥ ሰማያዊ ይመስላል? እነዚህን በዓይንሽ አይተሽ ካወቅሽ ማንም ቪዲዮ ከሚያስተምርሽ በላይ ተምረሻል። ከልቤ ነው የምልሽ።

ማቴሪያል ላይ ብዙ አልቆይም። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሙሉ ነጭ አይደለም፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 ከመቶ ገደማ ነው የሚመልሰው። ብሌንደርም አዲስ ማቴሪያል ሲሰጥሽ 0.8 ላይ ነው የሚጀምረው፤ ወደ 1 አትግፊው። ብሎኬት ስትለጥፊ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ለኪ፤ ቴክስቸሩ (የሚለጠፈው የማቴሪያል ፎቶ) ተለጥጦ አንዱ ብሎኬት አንድ ሜትር የሆነበት ሥዕል ቤቱን መጫወቻ ያስመስለዋል። የጣሪያውን ቆርቆሮ በፎቶ ብቻ አትሸፍኚው። ሞገዱን ሞዴል አድርጊው፤ የቆርቆሮ ውበቱ ጠርዙ ላይ ያለው ጥላ ነው። የግድግዳ ማዕዘኖችንም 3 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ አድርጊያቸው። እንደ ምላጭ የሰላ ማዕዘን በእውነት ዓለም የለም፤ በኮምፒውተር ሥዕል ብቻ ነው ያለው። ጥሩ ቴክስቸር ፖሊ ሄቨን ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ታወርጃለሽ። ትልቁን ባለ 8ኬ ፎቶ ተዪው፣ አነስ ያለው 2ኬ ይበቃሻል፤ ራምሽም ዳታሽም ይተርፋል።

ካሜራውን በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ 1.60 ሜትር ላይ አድርጊ። ሌንሱ ለውጭ ከ28 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ ለውስጥ 24 ገደማ። ከ18 በታች ከወረድሽ 12 ካሬ መኝታ ቤት አዳራሽ ይመስላል፤ አጎትሽም አዳራሽ እንደሚሠራለት ያምናል። ቀጥ ያሉ መስመሮች ቀጥ ይበሉ። ካሜራውን ወደ ላይ አታንጋጪው፤ ደረጃውን ጠብቆ ይቁምና ብሌንደር ውስጥ ሺፍት ዋይ በሚባለው ከፍ አድርጊው።

ከቤቱ ውጪ ስላለው ነገርም ልንገርሽ፤ ይህ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ከላይብረሪ የሚመጡት ዛፎች በአብዛኛው የአውሮፓ ናቸው። ሰዎቹም ካፖርት የለበሱ ናቸው። ባሕር ዳር ዘንባባ አላት፣ ጃካራንዳ አላት። ጎረቤቱ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ አለ፣ ከፍ ያለ ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አለ፣ የመብራት እንጨትና ሽቦ አለ። ከበሩ ፊት ለፊት ኮብልስቶን አለ፣ ባጃጅ ያልፋል። ሁሉንም አስገቢ አልልሽም። ሁለትና ሦስቱን አስገቢ። በቀላሉ የማይገኘውን ራስሽ ፎቶ አንስተሽ፣ ዙሪያውን ቆርጠሽ ከኋላ አቁሚው። ነጠላ የለበሰች እናት በሩ ላይ ስትቆም አጎትሽ የቤቱን መጠን ወዲያው ይረዳዋል።

ለላፕቶፕሽ የሚሆን አሠራር ደግሞ ይኸው። ሳይክልስ ናሙናውን፣ ማለትም ለአንድ ፒክስል ብርሃኑን የሚያሰላበትን ጊዜ ብዛት፣ 4096 አድርጎ ነው የሚጀምረው። ወደ 200 አውርጂው፣ ነጠብጣቡን የሚያጠፋውን ዲኖይዝ አብሪ። ለሙከራ መጠኑን 50 ከመቶ አድርጊ፣ ሲያምርሽ ብቻ ሙሉውን አውጪ። ለኤ3 ወረቀት በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) 2480 በ1754 ፒክስል ይበቃል። ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋ፤ ክሮም ብቻውን 8 ጊጋውን ይበላዋል።

አጎትሽ «ቪዲዮም ይኑረው» ካለ ለአሁኑ አይሆንም በዪው። ሂሳቡ ቀላል ነው። 30 ሰከንድ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ሥዕል ሲሆን 750 ሥዕል ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ እንኳ 25 ሰዓት ይሆናል፤ አንቺ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው የሚፈጀው። ወደፊት ስትሠሪ በቀጥታ በቪዲዮ ፋይል አታውጪ። እያንዳንዱን ሥዕል በፒኤንጂ ለየብቻው አስቀምጪ፤ መብራት 400ኛው ላይ ቢጠፋ ከ401 ትቀጥያለሽ።

ለአጎትሽ ሦስት ሥዕል ይበቃዋል። አንዱ ከመንገድ ሲታይ፣ አንዱ ከጓሮ፣ አንዱ ሳሎኑ። ከሥዕሎቹ በፊት ግን በጀቱን ጠይቂው። ፊቱን በሙሉ መስታወትና አሉሚኒየም አድርገሽ ካሳየሽው በኋላ በልስን ግድግዳ ቢሠራ ጠቡ ካንቺ ጋር ነው። የማይገዛውን ዕቃ ሥዕሉ ላይ አታስገቢ። ቀለሙንም በሁለት አማራጭ አሳዪው፤ ከሁለት በላይ ካደረግሽው ቤተሰቡ ሁሉ አስተያየት ይሰጥና ሥራው አያልቅም።

ሥዕሎቹን በቴሌግራም ስትልኪለት በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪ። በፎቶ ከላክሽው አሳንሶ ነው የሚያደርሰው፤ ያ ሁሉ የቆርቆሮ ጥላ ይጨፈገጋል።